የግራፊክስ ካርድ ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ ሲሠራ የሚፈጠሩ የምስል እንከኖች፦ መንስኤያቸው፣ አለያየታቸውና በምርምር ስሌት ላይ የሚያስከትሉት አደጋ

መግቢያ

ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ተበላ የሁምቦ ወረዳ መቀመጫ ናት። ወረዳው በተመራማሪዎች ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው በደን መልሶ ማልማት ሥራው ነው። 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት፣ በአብዛኛው ከተቆረጡ ዛፎች ጉቶና ሥር በሚያቆጠቁጥ ቡቃያ እንዲያገግም የተደረገበት የሁምቦ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2009 በንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቧል። በ30 ዓመታት ውስጥም ወደ 880,000 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይይዛል ተብሎ ታቅዷል። እንዲህ ያለው ቦታ ለሳተላይት ምስል ጥናት የተመቸ በመሆኑ፣ የደን ሽፋንን በጥልቅ ትምህርት ሞዴል ለመለየት የሚሞክር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ዓይኑን ቢጥልበት አያስገርምም።

ችግሩ የሚጀምረው ከስሌቱ ነው። ሞዴል ማሠልጠን የግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል፤ የተማሪ ኪስ ደግሞ አዲስ ካርድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የኢቴርየም ሥርዓት በካርድ ከሚደረግ ማይኒንግ ከወጣ በኋላ ያገለገሉ ካርዶች በዓለም ገበያ በብዛት መቅረባቸው ለብዙዎች እፎይታ ሆኗል። ያገለገለ ካርድ የገዛ ሰው ቀጥሎ የሚፈተነው ፍጥነቱን ከፍ በማድረግ፣ ማለትም ኦቨርክሎክ በማድረግ፣ የጎደለውን ጉልበት ለማካካስ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ይህንኑ አድርጓል። ተበላ በሚገኝ መኖሪያ ቤት፣ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይት ካርድ ፍጥነቱ ከፍ ተደርጎ የሁምቦን ምስሎች ሲያሠለጥን፣ በስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣቦች ታዩ። ሞዴሉ ሥራውን ስላላቋረጠ ነጠብጣቦቹ የስክሪን ጉዳይ ብቻ ተደርገው ታለፉ። ከቀናት በኋላ ግን ያው ፕሮግራም፣ በዚያው ዳታ፣ ሁለት እርስ በርስ የማይስማሙ የደን ካርታዎችን አወጣ። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው፦ በስክሪን ላይ የሚታየው እንከን የስክሪኑ ብቻ ነው ወይስ የውጤቱም ጭምር? ለመመለስ በመጀመሪያ እንከኑ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ቀጥሎም እንዴት እንደሚለይ ማየት ያስፈልጋል።

እንከኑ ከየት ይመጣል

የግራፊክስ ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያከናውነው በክሎክ ምት ነው። ከላይ የተጠቀሰው ካርድ 1,280 የስሌት ኮሮች ሲኖሩት፣ የፋብሪካ መነሻ ፍጥነቱ 1,506፣ የቡስት ፍጥነቱ ደግሞ 1,708 ሜጋኸርዝ ነው። በ1,708 ሜጋኸርዝ አንድ ምት የሚቆየው 0.59 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። በዚህች ቅጽበት የኤሌክትሪክ ምልክቱ በተከታታይ ሎጂክ በሮች አልፎ ውጤቱ ከሚመዘገብበት ቦታ መድረስ አለበት። ፍጥነቱ በ150 ሜጋኸርዝ ሲጨመር የምቱ ዕድሜ ወደ 0.54 ናኖሰከንድ ያጥራል። ምልክቱ ከምቱ ቀድሞ ከደረሰ ችግር የለም፤ ከዘገየ ግን የሚመዘገበው ትክክለኛው ሳይሆን ያልበሰለው ዋጋ ነው። የኮር ስሕተት መሠረቱ ይህ የጊዜ እጥረት ነው።

በአንድ ቺፕ ላይ ያሉት የምልክት መንገዶች ርዝመታቸው እኩል አይደለም። ፍጥነት ሲጨመር በቅድሚያ የሚሰናከሉት ረጃጅሞቹና ዘገምተኞቹ ናቸው። ስለዚህ ካርዱ በአንድ ጊዜ አይወድቅም፤ አንዳንድ ሥራዎችን በትክክል እየሠራ ሌሎቹን ያሳስታል። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ካርዶች የተለያየ ወሰን የሚኖራቸውም በምርት ሂደት ከሚፈጠር ጥቃቅን ልዩነት የተነሣ ነው። የሌላ ሰው ካርድ የቻለውን ፍጥነት በራስ ካርድ ላይ መጫን አስተማማኝ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ቮልቴጅ መጨመር በሮቹን ያፋጥናል፤ ዋጋው ግን ሙቀት ነው። የቺፑ የሥራ ኃይል በቮልቴጁ ስኩዌርና በፍጥነቱ ብዜት ልክ ያድጋል። ሁለቱም በ5 በመቶ ቢጨመሩ ኃይሉ የሚያድገው በ5 ሳይሆን በ16 በመቶ ገደማ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ካርዱ የነበረው የጊዜ ትርፍ እንደገና ይመናመናል።

ሜሞሪው የራሱ ክሎክና የራሱ ወሰን አለው። እዚህ ስሕተት የሚፈጠረው ወይ በፕሮሰሰሩና በሜሞሪ ቺፖቹ መካከል በሚደረገው ዝውውር፣ ወይ መረጃው በተቀመጠበት ሕዋስ ውስጥ ነው። በጂዲዲአር5 ሜሞሪ የዳታ መስመር ላይ ስሕተት የሚለይ ኮድ ስላለ፣ በዝውውር የተበላሸው መረጃ ተለይቶ እንደገና ሊላክ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሜሞሪው ከወሰኑ ሲያልፍ የመጀመሪያው ምልክት የምስል መበላሸት ሳይሆን የሥራ መዘግየት ሊሆን ይችላል፤ ፍጥነቱ በቁጥር ጨምሮ ሥራው ይቀንሳል። ይህ ጥበቃ ግን ቺፑ ውስጥ የሚፈጠርን የስሌት ስሕተት አይነካም።

የሚታየውን ምልክት ማንበብ

የእንከኑ መልክ ስለ ምንጩ ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጭ እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ መታወቅ አለበት።

ባለቀለም ነጠብጣቦች፣ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች፣ እንደ ዳማ ገበታ የተዘበራረቁ ክፍሎችና ቀለማቸው የተዛባ ገጽታዎች በአብዛኛው ወደ ሜሞሪ ይጠቁማሉ። ባለሦስት አቅጣጫ ምስል ውስጥ ነገሮች ከቦታቸው ተጎትተው እንደ እሾህ ሲሾሉ፣ ሦስት ማዕዘኖች ብልጭ ድርግም ሲሉ፣ ወይም ምስሉ ድንገት ቆሞ ድራይቨሩ ራሱን ሲያስነሣ ጥርጣሬው ወደ ኮሩ ያዘነብላል። እንከኑ ሥራው ከተጀመረ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሙቀት ይጠረጠራል። ምንም እንከን ሳይታይ ኮምፒውተሩ በሙሉ ጭነት ጊዜ ድንገት የሚጠፋ ወይም እንደ አዲስ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ የሚመረመረው ፓወር ሰፕላዩ ነው።

አንድ አታላይ ሁኔታ አለ። የጂቲኤክስ 1060 ትውልድ ካርዶች ሲቀዘቅዙ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ከፍ፣ ሲሞቁ ደግሞ ዝቅ ያደርጋሉ። ተጠቃሚው የጨመረው ፍጥነት በዚህ ላይ ስለሚደመር፣ እንከኑ በሥራው መጀመሪያ ካርዱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ታይቶ ሲሞቅ ሊጠፋ ይችላል። የጠፋ እንከን የተፈታ እንከን አይደለም።

የመለየት ቅደም ተከተል

ብዙዎች እንከን ሲያዩ ቮልቴጅ፣ ፍጥነትና ፋን በአንድ ጊዜ ይቀይራሉ። ችግሩ ቢጠፋም ባይጠፋም መንስኤው ሳይታወቅ ይቀራል። እንደማንኛውም ሙከራ ሁሉ እዚህም በአንድ ጊዜ መቀየር ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚከተለው ቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደረ ነው።

አንደኛ፣ እንከኑ በሚታይበት ቅጽበት ስክሪንሾት ይነሣ፤ ፋይሉም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈት። ነጠብጣቦቹ በፋይሉ ውስጥ ካሉ የተበላሸው በካርዱ ያለው መረጃ ነው። ከሌሉ ግን ኬብሉን፣ ሞኒተሩን ወይም የካርዱን የምስል መውጫ መመርመር ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ወደ ፋብሪካ ፍጥነት ይመለስ። ኦቨርክሎክ የሚያደርገው ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ሲነሣ ለውጡን በራሱ እንዳይጭን መታገዱም ይረጋገጥ። እንከኑ ከጠፋ መንስኤው የተጨመረው ፍጥነት ነው። እንከኑ ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ ድራይቨር ከመጫኑ በፊት ባለው የመነሻ ገጽ ላይ የሚታይ ከሆነ ግን በሶፍትዌር የተጨመረው ፍጥነት ገና አልተጫነምና መንስኤው እሱ ሊሆን አይችልም። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው የቺፕ ወይም የብየዳ ጉዳት ነው። በማይኒንግ ላይ በቆየ ካርድ ደግሞ የካርዱ ባዮስ ተለውጦ የሜሞሪው አሠራር ከፋብሪካው ውጭ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ካርድ የገዛ ሰው የባዮሱን ቅጂ ከአምራቹ ጋር ሳያመሳክር «የፋብሪካ ፍጥነት» ብሎ መናገር አይችልም።

ሦስተኛ፣ ኮርና ሜሞሪ ይለዩ። ሜሞሪው በፋብሪካ ፍጥነት ቆይቶ ኮሩ ብቻ ከፍ ይደረግና ይፈተን፤ ቀጥሎም በተቃራኒው።

አራተኛ፣ ሙቀት ይለይ። ፍጥነቱ ሳይነካ የፋኑ ዙር ወደ ከፍተኛ ይደረግ። እንከኑ ከጠፋ ወይም ከዘገየ ሙቀት ድርሻ አለው ማለት ነው። አቧራ ማጽዳትና የደረቀውን ቴርማል ፔስት መቀየር ፍጥነት ከመቀነስ ሊቀድም ይገባል።

አምስተኛ፣ የሲስተሙ መዝገብ ይነበብ። ዊንዶውስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ ያህል ምላሽ ሲያጣ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣል፤ ክስተቱም ይመዘገባል። በሊኑክስ የኤንቪዲያ ድራይቨር ስሕተቶችን በኤክስአይዲ ቁጥር ይመዘግባል፦ 13 የስሌት ክፍሉን ስሕተት፣ 31 የሜሞሪ አድራሻ ስሕተትን፣ 79 ደግሞ ካርዱ ከነአካቴው ከመስመር መውጣቱን ያመለክታሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በፕሮግራም ግድፈትም ሊመጡ ስለሚችሉ፣ ያው ፕሮግራም በፋብሪካ ፍጥነት ሲሠራ መደጋገማቸው መታየት አለበት።

ስድስተኛ፣ መንስኤው ከታወቀ በኋላ ፍጥነቱ በትንሽ በትንሹ ይቀነስ፤ ኮሩ በ10 እስከ 15፣ ሜሞሪው በ50 ሜጋኸርዝ ገደማ። በእያንዳንዱ የሜሞሪ ደረጃ የሥራው ፍጥነትም ይለካ። ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ሥራው ከተሻሻለ፣ ቀድሞ የነበረው ደረጃ ከወሰን ያለፈ ነበር። እንከኑ በጠፋበት ነጥብ ላይ መቆምም አይበቃም፤ ሌላ ሁለት ሦስት ደረጃ ዝቅ ብሎ ለሞቃት ቀን የሚሆን ትርፍ መተው ያስፈልጋል።

በዓይን የማይታየው ስሕተት

እስካሁን የተባለው ለጨዋታ ተጠቃሚ ይበቃዋል፤ ለተመራማሪ ግን አይበቃም። በጨዋታ ጊዜ አንድ የተሳሳተ ፒክሰል ለቅጽበት ታይቶ በቀጣዩ ምስል ይተካል። በስሌት ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ግን ወደ ቀጣዩ ስሌት ይተላለፋል።

ጉዳቱ የሚወሰነው በየትኛው ቢት መገልበጥ ነው። በ32 ቢት አሠራር 0.5 የሚለው ቁጥር የመጨረሻው ቢቱ ቢገለበጥ ለውጡ ከአሥር ሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ከፍተኛው የኤክስፖነንት ቢት ቢገለበጥ ግን 0.5 ወደ 1.7×10³⁸ ይዘላል። ሁለተኛው ዓይነት ሥልጠናውን ወዲያው ስለሚያበላሽ ይታወቃል። አደገኞቹ በመካከል ያሉት ናቸው። ሞዴሉ ሳይቆም ትንሽ በትንሽ ይዛባል፤ የሥልጠናው መስመርም ጤነኛ ይመስላል። በዳታ ማዕከል የሚያገለግሉት እንደ ቴስላ ቪ100 ያሉ ካርዶች የሜሞሪ ስሕተትን የሚያርም ኮድ አላቸው፤ ጂቲኤክስ 1060 ይህ የለውም።

በሁምቦ ምሳሌ ብንመዝነው፣ የሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስል በጥሩ ጥራቱ እያንዳንዱ ፒክሰል 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ አንድ ሄክታር 100 ፒክሰል ይሆናል። 2,728 ሄክታር ማለት 272,800 ፒክሰል ነው። ከዚህ 1 በመቶው ብቻ ያለ አግባብ «ደን» ወይም «ደን ያልሆነ» ቢባል 27 ሄክታር ገደማ በወረቀት ላይ ይበቅላል ወይም ይጨፈጨፋል። የአካባቢው ማኅበረሰብ የደከመበት መሬት መጠን በካርዱ ሙቀት ልክ መወሰን የለበትም።

ታዲያ ስሕተቱ እንዴት ይያዝ? ሥልጠናውን ሁለት ጊዜ አካሂዶ ውጤቱን ማወዳደር ብቻውን አያሳምንም። የአስርዮሽ ቁጥሮች የሚደመሩበት ተራ ሲለዋወጥ ውጤቱ በጥቂቱ ስለሚለያይ፣ ጤነኛ ካርድም ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ሊያወጣ ይችላል። የሚያስፈልገው ትክክለኛ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ስሌት ነው።

ለዚህ የሚሆን ቀላል ፈተና ማዘጋጀት ይቻላል። ከ0 እስከ 7 ባሉ ሙሉ ቁጥሮች የተሞሉ፣ 4,096 በ4,096 የሆኑ ሁለት ማትሪክሶች ይባዙ። የእያንዳንዱ ውጤት ጣሪያ 7×7×4,096፣ ማለትም 200,704 ነው። ባለ 32 ቢት የአስርዮሽ አሠራር እስከ 16,777,216 ያሉ ሙሉ ቁጥሮችን ያለ ምንም መጠጋጋት ስለሚይዝ፣ ድምሩ በየትኛውም ተራ ቢሠራ መልሱ አንድ ነው። መልሱ አንድ ጊዜ በዋናው ፕሮሰሰር ተሰልቶ ይቀመጥ፤ ከዚያ ካርዱ ብዜቱን ለሰዓታት ይደጋግም፤ እያንዳንዱ ውጤት ከተቀመጠው ጋር ይመሳከር። አንዲት ልዩነት ብትገኝ በተራ መለዋወጥ ልትመካኝ አትችልም፤ ፕሮግራሙ በፋብሪካ ፍጥነት ንጹሕ ሆኖ ካለፈ ስሕተቱ የካርዱ ነው።

ፈተናው ወሰን አለው። ሦስቱ ማትሪክሶች በድምሩ 192 ሜጋባይት ብቻ ስለሚይዙ ከ6 ጊጋባይቱ ሜሞሪ አብዛኛውን አይነኩትም። ስለዚህ የቀረው ሜሞሪ በታወቁ ቁጥሮች ተሞልቶ መልሶ የሚነበብበት ሁለተኛ ፈተና መጨመር አለበት። በተጨማሪም አንዳንድ ካርዶች በስሌት ጊዜ የሜሞሪ ፍጥነታቸው በምስል ሥራ ጊዜ ከሚኖረው ስለሚለይ፣ በጨዋታ ወይም በፉርማርክ ማለፍ በስሌት ለማለፍ ዋስትና አይሆንም።

ይህ ፈተና በአቅራቢው ካርድ ላይ ሲደረግ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ሜሞሪው ብቻ ከፍ ሲል በስክሪኑ ላይ ነጠብጣቦቹ ተመለሱ፤ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ኮሩ ብቻ ከፍ ሲል ግን ስክሪኑ ከጅምር እስከ ፍጻሜ ንጹሕ ነበር፤ ፈተናው በሌሊት አለፈ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ወደቀ። የአንድ ካርድ ጉዳይ በመሆኑ ለሁሉም አይደመደምበትም፤ ንጹሕ ስክሪን የንጹሕ ስሌት ማስረጃ አለመሆኑን ለማሳየት ግን አንድ ካርድም ይበቃል።

አየሩና መስመሩ

የካርድ ፋን በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን በከፍታ ብዙም አይለወጥም፤ የአየሩ ክብደት ግን ይለወጣል። ከባሕር ጠለል በላይ በ2,000 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሶዶ አካባቢ ከፍታ፣ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በ18 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ያው ፋን በያው ዙር የሚሸከመው ሙቀት በዚያው አቅጣጫ ይቀንሳል። ተበላ ከሶዶ ዝቅ ስለምትል አየሯ በጥቂቱ ይፈጋል፤ ነገር ግን ትሞቃለች። የክፍሉ ሙቀት በቀጥታ በካርዱ ሙቀት ላይ ስለሚደመር፣ በሶዶ የተረጋገጠ የፍጥነት ወሰን በተበላ እንደገና መፈተን ይኖርበታል። ፈተናውም በዕለቱ ሞቃታማ ሰዓት ቢደረግ ይመረጣል።

የኤሌክትሪክ መስመር መዋዠቅም ሊዘነጋ አይገባም። የመስመሩ ቮልቴጅ ሲወርድ ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ኃይል ለማቅረብ ብዙ ከረንት ይስባል፤ አቅሙ ደካማ ከሆነ ለካርዱ የሚሰጠው 12 ቮልት ይናጋል። ስታቢላይዘር የመስመሩን መዋዠቅ ይቀንሳል እንጂ የደካማ ፓወር ሰፕላይን ጉድለት አይሸፍንም።

ማጠቃለያ

በስክሪን ላይ የሚታይ እንከን የተበላሸ መረጃ የሚታይ ገጽ ነው። ስለዚህ እንከን በታየበት ፍጥነት የተገኘ ማንኛውም የምርምር ውጤት ሊጣልና በፋብሪካ ፍጥነት ሊደገም ይገባል። አቅራቢውም ሁለቱንም ካርታዎች ጥሎ ሥልጠናውን እንደ አዲስ ጀምሯል።

ትርፉና ኪሳራው ቢመዘንም ውሳኔው ከባድ አይደለም። የካርዱ ሥራ በ7 በመቶ ቢፈጥን የ10 ሰዓት ሥልጠና የሚያተርፈው 39 ደቂቃ ነው፤ አንድ የተበላሸ ሥልጠና ደግሞ 10 ሰዓቱን በሙሉ ይወስዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ለምርምር የሚሻለው ተቃራኒው መንገድ ነው፤ ፍጥነቱን በፋብሪካው ልክ ትቶ፣ ካርዱ የሚችል ከሆነ ቮልቴጁን መቀነስ። ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲቀንስ በዚያው ፍጥነት የሥራ ኃይሉ በ19 በመቶ ይወርዳል። ቮልቴጅ መቀነስም የጊዜ ትርፉን ስለሚያጠብ ከላይ የተገለጸውን ፈተና ማለፍ ግዴታው ነው።

በመጨረሻም፣ በግል ካርድ የተሠራ ስሌት በመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ የካርዱ ዓይነት፣ የሠራበት ፍጥነትና የተደረገለት ፈተና በዘዴ ክፍል ውስጥ ቢጠቀስ መልካም ነው። የአፈር ናሙና የተመዘነበት ሚዛን መስተካከሉን የሚጠይቅ አማካሪ፣ ቁጥሮቹ የተሰሉበት መሣሪያ መስተካከሉንም ቢጠይቅ ተገቢ ነው።